ጀልባው 12 ሰዓት ይነሳል

(ባሕር ዳር ለወጣት አስጎብኚዎችና ለሆቴል ሙያ ተማሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል የተነገረ ስለሆነ አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ ያላችሁት ወደፊት ቅረቡ፤ ማይኩ ይቆራረጣል።

የተሰጠኝ ርዕስ «የእንግዳ ውሎ በደን ውስጥ ኢኮሎጅ» የሚል ነው። ኢኮሎጅ ማለት ተፈጥሮን ሳይጎዳ እንግዳ የሚያሳድር ማረፊያ ነው። እኔ ምሁር አይደለሁም። ዘጌ በኩል፣ ጣና ሐይቅ ዳር፣ ስምንት ጎጆ ባላት አንዲት ሎጅ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ስጀምር አንሶላ አጣቢ ነበርኩ። ከዚያ ወጥ ቤት ገባሁ። አሁን ጠዋት ወደቡ ላይ ቆሜ እንግዳ የምቀበለው፣ ማታ ፋኖስ ይዤ እስከ ጎጆው የምሸኘው እኔ ነኝ። ስለዚህ የማወራችሁ ስለ ሰዓት ነው። ደን ውስጥ የሚያድር ሰው ሰዓቱ ይለወጥበታል። ቀድሞ የነገረው ካለ ደስ ብሎት ይሄዳል። ያልነገሩት እንደሆነ ያኮርፋል፤ ማኩረፉም ትክክል ነው።

በራሴ ጥፋት ልጀምር።

የመጀመሪያ ዓመቴ ነው። ባልና ሚስት ከውጭ መጡ። ማታ እራት ላይ «ነገ ጀልባው 12 ሰዓት ይነሳል» አልኳቸው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ሰዓቱ ግን የኛው። ሌሊት ተነስቼ ቁርስ ቋጠርኩ። ጀልባ ነጂው መጡ። 12 ሰዓት ሆነ፣ 1 ሰዓት ሆነ፣ እንግዶቹ የሉም። በር ማንኳኳት አፈርኩ። ለካ እነሱ ተኝተዋል። ኮፍያቸውን ደፍተው፣ የፀሐይ ክሬም ተቀባብተው ከች ያሉት እኩለ ቀን ላይ ነው። 12 ሰዓት፣ በእነሱ።

ጀልባ ነጂው ሽማግሌ ናቸው። «አያ፣ እባክዎ እንደምንም ይውሰዷቸው» ብዬ ለመንኳቸው። ሐይቁን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ነፋሱ እንግሊዝኛ አይችልም» አሉኝ። ገመዱንም አልፈቱም።

እውነታቸውን ነው። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ በጣም ጠለቀ የሚባለው ቦታ ግን 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል። ጠዋት መስታወት ነው። ፀሐይዋ ስትበረታ የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይግላል። የጋለው አየር ሽቅብ ሲወጣ፣ የቀዘቀዘው ከሐይቁ ወደ ዳር ይነፍሳል። ከሰዓት በኋላ ማዕበል የሚነሳው፣ ጀልባ ነጂ ሁሉ ጠዋትን የሚመርጠው ለዚህ ነው። ይህን ነገር እኔም የማውቀው መስሎኝ ነበር። ለእንግዳ መናገር እንዳለብኝ ነው ያላወቅሁት።

ባልና ሚስቱ በማግስቱ ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በረንዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለን። ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር በጠመኔ እጽፋለሁ። ጎኑ ላይ ፀሐይ ወይ ጨረቃ እስላለሁ። ሥዕሌ አያምርም፤ ግን ሠርቷል።

ይህ የኛ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። ኢኮሎጅ ስሙ የገነነው በዝናብ ደን አገሮች ነው፤ ኮስታ ሪካ፣ ኢኳዶር፣ ፔሩ፣ ብራዚል። ሄጄ አላየሁም። ሥራዬ ስለሆነ ግን አነባለሁ፣ እንግዶቼንም እጠይቃለሁ። ፔሩ ውስጥ ታምቦፓታ የሚባል ወንዝ ዳር ፖሳዳ አማዞናስ የሚባል ሎጅ አለ። ክፍሉ ሦስት ግድግዳ ነው ያለው። አራተኛው ወገን ክፍት ነው፤ አልጋህ ላይ ሆነህ ደኑን ታያለህ፣ ደኑም አንተን ያይሃል። አጎበር ስላለ ትተኛለህ።

እዚያ እንግዳ የሚቀሰቀሰው ጎህ ሳይቀድ ነው። ከ30 ሜትር በላይ የሚረዝም ማማ ላይ ወጥቶ የዛፎቹን አናት ከላይ ያያል። በቀቀኖች ወንዝ ዳር ወርደው ሸክላ አፈር የሚበሉት ጠዋት ነው፤ ያረፈደ ሰው የሚያየው አፈሩን ብቻ ነው። ቀትር ላይ ሙቀቱ ስለሚያፈዝ ሁሉም በገመድ በተወጠረ አልጋ ላይ ይጋደማል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ የጎማ ቦት አጥልቆ ጭቃ ውስጥ ይሄዳል። ማታ እራት፣ ትንሽ ገለጻ፣ ከዚያ መኝታ። ያጠቡት ካልሲ ሦስት ቀን አይደርቅም። ሰው ለዚህ ውቅያኖስ አቋርጦ፣ ገንዘብ ከፍሎ ይሄዳል። ለእናቴ ስነግራት «አሟቸዋል?» አለችኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። ዘጌ የዝናብ ደን አይደለም። አንዳንድ አስጎብኚ «ሬይን ፎረስት» እያለ ሲያስተዋውቅ እሰማለሁ። ተዉ፣ አትበሉ። የኛ አገር የዝናብ ደን ደቡብ ምዕራብ ነው፤ ከፋ፣ ሸካ፣ ያዩ። እዚያ የዓመቱን አብዛኛውን ወር ይዘንባል። እኛ ጋ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ጥር ላይ መንገድ ዳር ያለው ቅጠል አቧራ ለብሶ ታገኙታላችሁ። የከፋ ደን በ2010 እ.ኤ.አ፣ ጣና ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆነው ተመዝግበዋል። የኛው እውነት ይበቃናል። እንግዳ ስልኩን አውጥቶ ያጣራል፤ አንድ ቦታ ላይ ከዋሻችሁት የቀረውንም አያምናችሁም።

እሺ፣ ወደ ውሎው።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቡና በቴርሞስ በረንዳው ላይ አስቀምጣለሁ። በር አላንኳኳም፤ ማታ ተነጋግረናል። ጨለማው ሳይገፈፍ የመጀመሪያው ወፍ ይጮኻል። አንዳንዱ እንግዳ እዚያው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይቀመጣል። መቀመጡ ራሱ ጉብኝት መሆኑን ለመረዳት እኔም ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ሶሪት የምትባለውን ወፍ ታውቋታላችሁ። አረንጓዴ ናት፤ ቅጠል መሃል ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ስትሮጥ ዓይን አይይዛትም። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት፣ የውጭ ሰው፣ ሶሪት ለማየት ብለው መጡ። ሁለት ጠዋት ሾላው ሥር ተቀመጡ። ድምጿን ይሰማሉ፣ እሷን አያዩም። በሦስተኛው ቀን ቡናቸውን እየጠጡ ሳለ ከራሳቸው በላይ ተነስታ በረረች። ሶሪት ክንፏን ስትዘረጋ ታውቃላችሁ፣ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ያ ቀይ ቀለም ውስጡ መዳብ አለበት፤ የሶሪት ወገን መለያ ነው። ሴትዮዋ ቡናውን ልብሳቸው ላይ ደፉት። ሸሚዙን ላጥበው ብላቸው እምቢ አሉ። ነጠብጣቡን ይዘውት ሄዱ።

ሁሉም እንደዚያ አይታደልም። «ካላየሁስ?» ብሎ የሚጠይቅ ይመጣል። «ላያዩ ይችላሉ» በሉት፣ ገና ቦታ ሲይዝ። የማይገኝ ነገር ቃል አትግቡ።

ከቁርስ በኋላ የእግር መንገድ ነው፣ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት። መንገዱ ቡና መሃል ነው። ከላይ ዋንዛ፣ ሰሳ፣ እሸ፣ ብርብራ። ብርብራው ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ዓሣ ያደነዝዛል፤ ዓሣ አጥማጆች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ለእንግዳ ይህን ስነግረው ያው ዛፍ ሌላ ዛፍ ይሆንበታል። ልጆች ደግሞ ወዲያው ፍሬውን ፍለጋ ይበተናሉ፤ ተቆጣጠሯቸው።

«በሬስ የታለ?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ካጋጠማችሁ አስተዋይ ሰው ነው። ዘጌ በባህሉ ሞፈር ቀንበር አይገባበትም። አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ተከሉት፤ አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ። ሕዝቡም ሳያርስ በእነዚህ እንዲኖር ተባረከ ይባላል። የሚያምንም የማያምንም እንግዳ ይመጣል። ሁለቱም ግን ዓይናቸው ያያል፤ ያልታረሰው መሬት ዛሬም ደን ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ከመጡ ደግሞ በየደጁ ቀይ ቡና ተሰጥቶ ያገኛሉ። ረግጠው እንዳያልፉ ከፊት ቅደሙ።

ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ጫማ ይወልቃል። ቀላል ይመስላል። እስከ ጉልበት የሚታሰር ቦት ያደረገ ሰው ግን ደጃፉ ላይ ሩብ ሰዓት ይታገላል። ለዚያ ቀን ሰሌዳው ላይ «በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ» ብዬ እጽፋለሁ።

ክብራን ገብርኤልን በሚመለከት ደግሞ አደራ። ሴት ወደ ገዳሙ አትገባም። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ ይህን የሰማችው ደሴቱ ላይ ከወረደች በኋላ ነው። አስጎብኚያችን ረስቶት ነበር። እኔ ባሏና ወንድሟ እስኪመለሱ ወደቡ ላይ አብሬያት ተቀመጥኩ። አልተቆጣችም፤ ዝም አለች፤ እሱ ይብሳል። ከባሕር ዳር ሳትነሳ ብትሰማ ኖሮ እዚያው አጠገብ ያለውን እንጦስ ኢየሱስ የሴቶች ገዳም ትመርጥ ነበር። ሥርዓቱን ማንም አይጣላውም። ዘግይቶ መስማት ነው የሚያናድደው።

አሁን ወደ ከባዱ ሰዓት መጣሁ። ከ6 እስከ 10 ሰዓት።

ወፉ ዝም ይላል። ሐይቁ ይናወጣል። እንግዳው ምሳውን በልቷል፤ ወይ የቆሮሶ ጥብስ፣ ወይ አምባዛ ጉላሽ፣ ጾመኛ ካለ ሽሮ። ከዚያስ? ከዚያ ምንም የለም። የከተማ ሰው ምንም በሌለበት አራት ሰዓት መቀመጥ አይችልም። መጀመሪያ ላይ እኔም እደነግጥ ነበር። «ምን ላምጣ? ካርታ ልስጥ? ሙዚቃ ልክፈት?» እያልኩ አዞር ነበር። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ በትህትና «እባክሽ ቁጭ በይ» አለኝ። ተቀመጥኩ። እሱ እንቅልፍ ወሰደው። እኔንም።

በነገራችን ላይ፣ ከፈረንጁ ይልቅ የሚከብደው የአዲስ አበባ እንግዳ ነው። አትሳቁ። ፈረንጁ አንብቦ ነው የሚመጣው። የኛ ሰው «ሪዞርት» ብሎ ይመጣል። አንድ አባት ከሦስት ልጆቹ ጋር መጣ፣ ቅዳሜ ቀን። «ቴሌቪዥኑ የት ነው? ዛሬ እኮ ጨዋታ አለ!» የለም። ፊቱ ሲጠቁር አየሁት። ልጆቹ ደግሞ ወደቡ ላይ ታንኳ የሚሠሩ ሰውዬ አግኝተዋል። ደንገሉን እንዴት እንደሚያስሩ፣ አፍንጫውን እንዴት ሽቅብ እንደሚያጎብጡት ቁጭ ብለው ያያሉ። ትንሹ ልጅ «ይሄ ሳር እኮ ነው፣ አይሰምጥም?» አለ። ሰውዬው አንዱን አገዳ ቆረጡና ውስጡን አሳዩት። ስፖንጅ ነው፤ አየር የሞላው። «ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ማታ ማታ አውጥተን እናደርቀዋለን። ቢሆንም ብዙ አይቆይም፤ ሲያረጅ ሌላ እንሠራለን» አሏቸው። አባትየው መጀመሪያ ቆሞ ያይ ነበር። ከዚያ ቁጢጥ አለ። ከዚያ ገመድ ያዘላቸው። ጨዋታው ስንት ለስንት እንዳለቀ እስከ እሑድ አላወቀም።

ቀትር ላይ የሚመጣው ሌላ ጥያቄ «እንዋኝ?» ነው። ውሃው ያጓጓል። እዚህ ላይ ማፈር የለም፤ ዳሩ ላይ ቢልሃርዝያ አለ። ትሉ የሚመጣው በዳር ካለ ቀንድ አውጣ ነው፤ ውሃው ውስጥ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። «ችግር የለውም» የሚል አስጎብኚ አውቃለሁ። ችግሩ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ፣ እንግዳው አገሩ ሲገባ ነው። ስለዚህ እንግዳው ለአስጎብኚው አይነግረውም፣ አስጎብኚውም አይሰማም። እናንተ ንገሩ። ትንኝም አለ። አጎበሩ ጌጥ እንዳልሆነ፣ ጫፉ ፍራሽ ሥር መግባት እንዳለበት በእጃችሁ አሳዩ።

እምቦጩንም ይጠይቃሉ። አትደብቁ። ብዙ የጎዳው በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ደንቢያና ፎገራ አካባቢ ያለውን ዳር ነው። ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ።

ማታ። ፀሐይ ከገባች በኋላ ያለው ታሪክ ሁሉ የባትሪ ታሪክ ነው።

ሎጃችን መብራቱ ከሶላር ነው። አንድ ማታ ስምንቱም ጎጆ ሞልቷል። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ድው አለና ጨለመ። ወጥ ቤት እጄ ሊጥ ነው። ምን ሆነ ስንል አንዲት እንግዳ ፀጉሯን ታጥባ ማድረቂያ ሰክታለች። ጥፋቷ አይደለም፤ ሶኬት አለ፣ ሰካች። እንቁጠረው እስቲ። አንድ የፀጉር ማድረቂያ 1,800 ዋት ገደማ ይበላል። አምፖላችን 9 ዋት ነው። አንድ ማድረቂያ ሁለት መቶ አምፖል ማለት ነው። ሁለት መቶ አምፖል እኛ ቀበሌው ሁሉ የለውም።

በማግስቱ የሎጁ ኃላፊ «የፀጉር ማድረቂያ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ሊለጥፍ ተነሳ። ክልክል የሚል ነገር ለእንግዳ ደስ አይልም። እኔ የሁለት መቶ አምፖሉን ሒሳብ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። አምፖሎቹንም ሳልኳቸው፤ ሃያ ላይ ሰለቸኝ። እንግዶች ፎቶ ያነሱታል። ከዚያ በኋላ ማድረቂያ የሰካ አላጋጠመኝም። ፀጉር በረንዳ ላይ ይደርቃል፤ ያ ከሰዓት በኋላ ያለው ነፋስ ለዚህ ይጠቅማል።

የሻወሩም እንደዚሁ ነው። ሙቅ ውሃው ፀሐይ ያሞቀው ስለሆነ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ጥሩ ነው፤ ንጋት ላይ በረዶ ነው። ይህን ያልሰማ ሰው ንጋት ላይ ሲጮህ እስከ ወጥ ቤት ይሰማል። ሽንት ቤቱ አመድ የሚነሰነስበት ደረቅ ነው። ያንን አጭር አድርጌ፣ ሳልሽኮረመም፣ ባሊውን አሳይቼ አልፋለሁ። የሚያፍር አስተናጋጅ እንግዳውን ያሳፍራል።

አሁን ስለ ገንዘብ ትንሽ። ያ ፖሳዳ አማዞናስ ያልኳችሁ በ1996 እ.ኤ.አ የተጀመረው በስምምነት ነው። የአካባቢው ማኅበረሰብ ከትርፉ 60 በመቶ፣ ኩባንያው 40 በመቶ፣ ለ20 ዓመት። ማኅበረሰቡ ከመሬቱና ከደኑ ጋር ባለድርሻ ሆኖ ገባ። ይህን ለኛ ኃላፊ ስነግረው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ምክንያቱም ጠዋት እንግዳ ስቀበል፣ እንጨት የጫነ ታንኳ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሲቀዝፍ ከጎናችን ያልፋል። እንግዳው «ምን ያማረ ነው!» ብሎ ፎቶ ያነሳል። እውነትም ያምራል፤ ውሃው ጉም፣ ሰውየው ብቻውን። የጫነው ግን ያንን ሶሪት ያረፈችበትን ደን ነው። ሰውየውን አልፈርድበትም። ልጅ አለው። እንግዳው ለኛ ከከፈለው እሱ ጋ የሚደርስ ሳንቲም የለም።

እኛ ጋ የተለወጠው ትንሽ ነው። እንቁላሉን፣ ማሩን፣ ቡናውን ከከተማ ማምጣት ትተን ከየደጁ እንገዛለን። እንግዳ ቡና የሚጠጣው ሎጁ ውስጥ አይደለም፤ አንዲት እናት ቤት ይሄዳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ክፍያው እዚያው በእጃቸው። መጀመሪያ ሰሞን «እንግዳ ያስከፍላሉ እንዴ?» ብለው ተጣልተውኝ ነበር። አሁን ሲኒ ጨምረዋል። እንጨት ጫኙ ግን አሁንም ያልፋል። ለእሱ ያገኘሁለት ነገር የለም።

ጥያቄ ተብሎ ነበር። አዎ፣ አንተ። ዋይፋይ? የለም። ኮረብታው ላይ ያለው ዋርካ ሥር ኔትወርክ አለ። ማታ ማታ እንግዶች ስልካቸውን ከፍ አድርገው እዚያ ቆመው ታያቸዋለህ፤ ጸሎት የሚያደርሱ ይመስላሉ።

አንቺስ? የሚጠጣ ውሃ። እናፈላለን። እዚህ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በደንብ ተንተክትኮ አንድ ደቂቃ ከቆየ ይበቃል። ባቄላው ግን ቶሎ አይበስልም፤ ምሳ ዘገየ ብሎ የሚቆጣ ካለ ይህንኑ ንገሪው።

በሉ፣ ነገ ልምምድ አለን። ስልጠናውን የወሰዳችሁ ሁሉ ትመጣላችሁ። ላይፍ ጃኬት ጀልባው ላይ አለ። የጎማ ቦት እኛ ጋ እስከ 42 ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ እግሩ ትልቅ የሆነ ስሙን በር ላይ ያስመዝግብ፣ እንፈልግለታለን። ጀልባው 12 ሰዓት ይነሳል። የጠዋቱ።